የባጊ ሾክና ሞላ፦ ማስተካከል ከየት ይጀመራል?

በሪሞት የሚነዳ የውድድር ባጊ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ምን ያህል ትሮጣለች? ትራክ ላይ ሲወጣ ግን ጥያቄው ይቀየራል። ቀጥታው ላይ ማንም አይደርስበትም። ኩርባው ላይ ኋላዋ ይወጣና ትዞርበታለች። ከዝላይ ስትወርድ ነጥራ አጥር ውስጥ ትገባለች። አጠገቡ ያለው ልጅ ደግሞ በደከመ ሞተር ጥሎት ይሄዳል። አፈር ላይ ጥሩ ዙር የምትሮጠው ብዙውን ጊዜ ጎማዋ መሬት ሳይለቅ የሚቆይላት መኪና ናት። ያንን የሚወስነው ሶስፔንሽኑ ነው።

በዚህ ጉዳይ ምክር ሞልቷል። አብዛኛው ግን «ይህ ከሆነ ያንን ቀይር» የሚል ዝርዝር ብቻ ነው። ለምን እንደሚሠራ ካልገባችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ትጠፋላችሁ። ስለዚህ እዚህ ምክንያቱ ላይ እናተኩር። የማወራው በብዛት ስለሚሮጠው ዓይነት ነው፦ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ያላት፣ በባትሪ የምትሠራ፣ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትገፋ ባጊ።

የዛሬዎቹ ባጊዎች መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የካሊፎርኒያው ቲም አሶሺየትድ አርሲ10 የተባለውን ሞዴል አወጣ። ንድፉ የሮጀር ከርቲስ ነበር። ወርቃማ የአሉሚኒየም ሻንሲ ነበረው፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም የሚያብዱት ለእሱ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሌላው ነው። አራቱም ጎማ ለየብቻው የሚንቀሳቀስ ክንድ ነበረው። አራቱም ላይ ዘይት የተሞላ ሾክ ተገጥሟል። በማግስቱ ዓመት ዴል ማር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገው የመጀመሪያው የባትሪ ባጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ጄይ ሃልሲ በአርሲ10 ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ሞተሩ ራሱ ከኋላ ወደ መሃል መጥቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን የምንነካካው ግን ያኔ የነበረውን ነው፦ ክንድ፣ ሾክ፣ ሞላ፣ ጎማውን ከላይ በኩል ከሻንሲው ጋር የምታያይዝ አጭር ዘንግ።

ሁሉም ነገር ክብደት ነው

እንዲህ ያለች ባጊ ባትሪዋን ጨምሮ 1.5 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ያ 1.5 ኪሎ ስትሮጥም ስትቆምም ያው ነው። የሚለዋወጠው ለአራቱ ጎማዎች የሚደርሳቸው ድርሻ ነው። ፍጥነት ስትጨምሩ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፍሬን ስትይዙ ወይም ጣታችሁን ከሪሞቱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ላይ ስታነሱ ወደ ፊት ይመጣል። ወደ ግራ ስትታጠፉ የቀኝ ጎማዎች ላይ ይወድቃል። ጎማ ደግሞ መሬት የሚይዘው ጭነት ሲያገኝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የጎማው አያያዝ እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያንሳል። ሁለት ጎማዎች እኩል ሲካፈሉ የሚይዙት፣ አንዱ ሁሉን ተሸክሞ ሌላው ሲንሳፈፍ ከሚይዘው ይበልጣል። አሁን ፊት ለፊት ጠንካራ ሞላ አደረጋችሁ እንበል። ስትታጠፉ ከጎን ወደ ጎን ከሚሄደው ጭነት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ያ የጠነከረው የፊት ክፍል ነው። የፊት ውጪኛው ጎማ ይጨናነቃል፣ የውስጠኛው ይቀላል። ፊቷ መንሸራተት ይጀምራል። መሪው ዞሮ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። የበለጠ እንዲይዝ የምትፈልጉትን ጫፍ አለስልሱ፣ ወይም ተቃራኒውን አጠንክሩ። ለስላሳ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። በጣም የለሰለሰ መኪና ለትእዛዝ ይዘገያል፤ መሪውን ዛሬ አዙራችሁ ነገ ነው የሚታጠፍላችሁ።

ከሾክ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ማስተካከል ከመጀመራችሁ በፊት መኪናዋ የምትስተካከል መሆኗን እዩ። አራቱንም ሾኮች ከታች በኩል ፍቱ። አንዱን ክንድ ከጎማው ጋር በጣታችሁ አንሱና ልቀቁት። በራሱ ክብደት ዱብ ማለት አለበት። መሃል ላይ ከቆመ ወይም እየተንገዳገደ ከወረደ፣ ወይ ክንዱ የሚዞርበት ፒን ታጥፏል፣ ወይ አፈር ገብቶበታል፣ ወይ የፕላስቲኩ ቀዳዳ ጠቧል። ይህን ሳታስተካክሉ ዘይት ብትቀይሩ የምታስተካክሉት የክንዱን መታሸት እንጂ ሾኩን አይደለም። ለአራቱም አድርጉት። ፒኑ እንደ ልብ እንዲሽከረከር ነው የምንፈልገው፤ ትንሽ መወላወሉ አያስጨንቅም።

ጎማ ደግሞ ከሾክ ይቀድማል። አቧራ የበዛበትና የላላ አፈር ላይ ርቀት ያላቸው ረዣዥም ጥርሶች ይፈለጋሉ፤ አፈሩን ቆፍረው የሚይዙ። ተጠቅጥቆ ጥቁር የጎማ ቅባት የያዘ ሸክላማ ትራክ ላይ አጫጭር ጥርሶች፣ አንዳንዴም ጥርስ የሌለው ልሙጥ ጎማ ይሻላል። ጎማው ውስጥ ያለው ስፖንጅም ራሱን የቻለ ሞላ ነው፤ ሲያረጅና ሲሟሽሽ መኪናዋ ትለወጣለች። ለትራኩ የማይሆን ጎማ አድርጋችሁ ሾክ ብትነካኩ ቀናችሁን ነው የምትጨርሱት። እዚያ ትራክ ሁልጊዜ የሚሮጡትን ጠይቁ። ቢደብቋችሁ እንኳ ጎማቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ከፍታና ድሩፕ

ከፍታ ማለት በሻንሲው ሆድና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አፈር ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ምንጣፍ ወይም ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ከዚያም ዝቅ ይባላል። የምትለኩት ለመሮጥ ዝግጁ ስትሆን ነው፤ ባትሪዋ ገብቶ፣ ቦዲዋ ተከድኖ። ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ያህል አንስታችሁ ልቀቋት። ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት ግፏት። መግፋቱ የሚያስፈልገው ስትወድቅ ጎማዎቹ ወደ ጎን ተከፍተው ጠረጴዛውን ነክሰው ስለሚቀሩ ነው። ካልገፋችኋት ልኬቱ ያታልላል። በዚያው ስትለቋት አወዳደቋንም ተመልከቱ፦ ቁጭ ብላ ዝም ማለት አለባት። ነጥራ ተመልሳ ከወጣች ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ሾኩ ውስጥ አየር አለ።

ዝቅ ያለች መኪና በቀላሉ አትገለበጥም፣ ቶሎ ትታዘዛለች። ጉድጓድ ሲበዛ ግን ሆዷ መሬቱን ይመታል። በዚያ ቅጽበት ጎማዎቹ ጭነታቸውን ያጣሉ፤ እናንተም መኪናዋን።

ከፍታ የሚስተካከለው ሞላውን በምትጫነው ቀለበት ነው። ይህች ቀለበት ብዙ ሰው ታሳስታለች። ቀለበቷን ወደ ታች ስታጠብቋት ሞላው ሲጨመቅ ስለሚታይ «አጠነከርኩት» ትላላችሁ። አላጠነከራችሁትም። ሞላውን ተጨማሪ 1 ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ቀለበቷ ላይም ሆነች ታች ያው ነው። ያደረጋችሁት መኪናዋን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ጠንካራ ሞላ ከፈለጋችሁ ሞላውን ራሱን ቀይሩ፣ ከዚያ ከፍታውን እንደገና ለኩ። ቀለበት ግራና ቀኝ እኩል ይሁን። አንዱ ጎን ካዘነበለ መልሱ የባትሪውንና የሌላውን ዕቃ አቀማመጥ ማስተካከል ነው፤ ቀለበት ማጠማዘዝ አይደለም።

ድሩፕ ደግሞ ከከፍታው በታች ያለው ነው። ሻንሲዋን በእጃችሁ ወደ ላይ ስታነሷት ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ምን ያህል ትነሳለች? ያ ልክ ድሩፕ ይባላል። በሾኩ ውስጥ ዘንጉ ላይ ቀጭን ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ፣ ወይም ከታች ያለውን የሾክ ጫፍ በማዞር ይለወጣል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ትልቅ ነው። ፊት ለፊት ድሩፕ ሲበዛ ፍጥነት ስትጨምሩ አፍንጫዋ በደንብ ይነሳል፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኋላው ይይዛል፣ ፊቷ መታጠፉ ይቀንሳል። ከኋላ ድሩፕ ሲበዛ ጣታችሁን ስታነሱ ኋላዋ ተነስቶ ፊቷ ይጫናል፤ ኩርባ ውስጥ ትገባለች፣ አንዳንዴም ከሚፈለገው በላይ። ጉድጓድ ያለበት ትራክ ድሩፕ ይፈልጋል፣ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ እንዲወርድ። ለጥ ያለ፣ በደንብ የሚይዝ ትራክ ላይ ይቀነሳል።

ዘይትና ፒስቶን

ሞላው መኪናዋን ይሸከማል። ዘይቱ ሞላው የሚንቀሳቀስበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ሾኩ ውስጥ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ክብ ፒስቶን። ጎማው ሲነሳ ፒስቶኑ ዘይቱን አቋርጦ ማለፍ አለበት፤ ዘይቱም በእነዚያ ቀዳዳዎች ብቻ ነው የሚያልፈው። ወፍራም ዘይት ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ቀጭን ቶሎ።

የዘይቱን ውፍረት የሚናገር ቁጥር ጠርሙሱ ላይ አለ። ለአፈር ፊት 35 ዌት፣ ኋላ 30 ዌት የተለመደ መነሻ ነው። ዌት የሚባለው ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የቲም አሶሺየትድ 30 ዌት 350 ሲኤስቲ (የዘይት ውፍረት የሚለካበት መደበኛ አሃድ) ነው፤ ሌላው ጋ 30 የተጻፈበት ጠርሙስ ሌላ ውፍረት ሊኖረው ይችላል። የተለያየ ጠርሙስ የምትገዙ ከሆነ ሲኤስቲውን አነጻጽሩ። ሙቀትም ይለውጠዋል። ጠዋት ብርድ ላይ ልክ የነበረው ዘይት እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ይቀጥናል፤ ጠዋት ዝም ብላ ያረፈችው መኪና ከሰዓት ትነጥራለች። መኪናዋ ራሷ ምንም አልሆነችም።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ትናንሽ ቀዳዳ ያለው ፒስቶን በቀጭን ዘይት፣ እና ትላልቅ ቀዳዳ ያለው ፒስቶን በወፍራም ዘይት አሉ እንበል። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኗቸው ልዩነት ላታገኙ ትችላላችሁ። ከአንድ ሜትር ከፍታ ስትወድቅ ግን ሁለቱ የተለያዩ መኪኖች ናቸው። ፒስቶኑ በኃይል ሲገፋ ዘይቱ በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ለማለፍ ጊዜ አያገኝም፤ ይቆለፋል። ሾኩ ለዚያች ቅጽበት ድንጋይ ይሆናል። ይህን ተወዳዳሪዎች «ፓክ» ይሉታል። ትላልቅ ዝላዮች ያሉበት፣ መሬቱ ግን ለስላሳ የሆነ ትራክ ላይ ፓክ ይፈለጋል፤ ሆዷ መሬት እንዳይመታ ያደርጋል። ተከታታይ ጉድጓድና የተቦረቦረ መሬት ላይ ግን ጠላት ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሾኩን ስለሚቆልፈው ጎማው መሬቱን መከተል ትቶ ከላይ ከላዩ ይዘላል። እዚያ ትላልቅ ቀዳዳና ወፈር ያለ ዘይት ነው የሚሻለው።

ብዙ ሰው ዘይት ብቻ እየቀያየረ ይኖራል፤ ፒስቶን መፍታት ስለሚሰለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ስትወርድ የምትነጥርና ጉድጓድ ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪናን ልዩነት የሚያመጣላት እሱ ነው።

አሞላሉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘንጉን እስከ ታች ጎትቱት። ዘይቱን እስከ አፉ ሙሉት። ፒስቶኑን ቀስ ብላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ከሥሩ አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። ለጥቂት ደቂቃ አቁሙትና አረፋው ይውጣ። ከዚያ ክዳኑን እያጠበቃችሁ ትርፉ ዘይት በጎን እንዲፈስ አድርጉ። ስትጨርሱ ዘንጉን ግፉና ስሙ። የሚጨቀጭቅ፣ አየር የሚውጥ ድምፅ ካለ እንደገና ክፈቱት። በመጨረሻ የግራና የቀኙን ሾክ ሞላ ሳትገጥሙ በሁለት እጃችሁ ያዙና እኩል ግፏቸው። አንዱ ቀድሞ ከገባ ጥንድ አይደሉም። ያልተመሳሰለ ሾክ ያላት መኪና ወደ ግራ ሌላ፣ ወደ ቀኝ ሌላ ትሆናለች፤ በሌላ ነገር ልታስተካክሉት ስትሞክሩ ዕብደት ነው።

ሾኩ የሚታሰርበት ቀዳዳም ይቆጠራል። ከላይ በኩል ወደ መሃል ገባ ብሎ ሲያዘነብል መጀመሪያው ላይ ይለሰልሳል፣ እየተጫነ ሲሄድ ይጠነክራል። ሾኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠንከር ይላል፣ ትእዛዝ ቶሎ ይቀበላል። ሞላ ከመቀየር በፊት የሚሞከር፣ ገንዘብ የማያስወጣ ለውጥ ነው።

ጎማው የሚቆምበት አቅጣጫ

ትልቅ መኪና አላይመንት ያስገባ ሰው ካምበር የሚለውን ሰምቷል። የጎማው አናት ወደ መኪናዋ ሲያዘነብል ኔጌቲቭ ካምበር ይባላል። ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ኔጌቲቭ ይበቃል፣ ፊትም ኋላም። ስትታጠፉ መኪናዋ ወደ ውጪ ታዘነብላለች፤ ያኔ ውጪኛው ጎማ ቀጥ ብሎ ሙሉ ፊቱን መሬት ላይ እንዲያሳርፍ ነው። ልኩን ጎማው ራሱ ይነግራችኋል። ጥርሱ በውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ ካምበሩ በዝቷል።

ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ የሚያዩበት አቅጣጫ ቶ ይባላል። የኋላዎቹ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ኋላውን ያረጋጋል፣ ቀጥታው ላይ ትንሽ ፍጥነት ይበላል። የፊቶቹ ቀጥ ብለው ወይም በጣም በጥቂቱ ወደ ውጪ። እዚህ ብዙ መነካካት አያስፈልግም።

የላይኛዋ አጭር ዘንግ ግን ካምበር ማስተካከያ ብቻ አይደለችም። በሻንሲው በኩል ያለው ጫፏ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል መኪናዋ የምታዘነብልበት ማዕከል፣ ሮል ሴንተር የሚባለው፣ ይቀየራል። ከጫፏ ሥር ሮንዴላ ስትጨምሩ ማዕከሉ ይወርዳል። መኪናዋ የበለጠ ታዘነብላለች፣ ያ ጫፍ የላላ አፈር ላይ የበለጠ ይይዛል። ሮንዴላ ስትቀንሱ ማዕከሉ ይወጣል፣ ማዘንበሏ ይቀንሳል። በጣም በሚይዝ ትራክ ላይ ኩርባ ውስጥ የምትገለበጥ መኪና የሚያስፈልጋት ይህ ሁለተኛው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ሮንዴላ በደንብ ይሰማል።

የፊት ክንዶቹ ፒን ደግሞ ወደ ፊት እየወጣ ያዘነበለ ነው፤ ኪክ አፕ ይባላል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም እንዲያፈገፍግ ነው። በኋላ ጎማ በምትገፋ ባጊ ላይ 25 ዲግሪ ገደማ መሆኑ የተለመደ ነው። ከኋላ ያለው አቻው አንቲ ስኳት፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ኋላዋ ቁጭ እንዳይል የሚከላከል ጥቂት ዲግሪ ነው። ጉድጓድ ሲበዛ ይቀነሳል። ጀማሪ ሁለቱንም ባይነካቸው ይሻላል፤ ፋብሪካው ያስቀመጠው ለረጅም ጊዜ ይበቃችኋል።

የት ላይ ነው የምታስቸግረው?

«ኋላዋ ይወጣል» የሚል ሰው ትራክ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ላይ?» ተብሎ ነው። ኩርባ ሦስት ቦታ አለው። ስትገቡ ጣታችሁን አንስታችኋል፣ ጭነቱ ፊት ነው። መሃሉ ላይ መኪናዋ ዘንበል ብላ ረግታለች። ስትወጡ ፍጥነት እየጨመራችሁ ነው፣ ጭነቱ ኋላ ነው።

ስትገቡ ከዞረች ጭነቱ ቶሎና አብዝቶ ወደ ፊት መጥቷል። የኋላውን ድሩፕ ቀንሱ፣ ወይም ፊቱን በአንድ ደረጃ ወፈር ባለ ዘይት ሙሉ። ስትወጡ ከሆነ የሚዞርባችሁ ኋላው ጭነት አንሶታል፤ ከኋላ ለስለስ ያለ ሞላ፣ ወይም ከላይኛዋ ዘንግ ሥር አንድ ሮንዴላ። መሃሉ ላይ ፊቷ አልታጠፍ ካለ ፊት ለፊት የሚለሰልስ ሞላ ሞክሩ። ዘይት በጉዞ ላይ ያለ ጭነትን ነው የሚቆጣጠረው፤ መሃል ኩርባ ላይ መኪናዋ ረግታለችና ብዙ አይረዳችሁም። ሞላና ሮል ሴንተር ግን እዚያም ይሠራሉ።

ለውጡ አንድ በአንድ ይሁን። ሞላና ዘይት አብራችሁ ቀይራችሁ መኪናዋ ብትሻሻል የትኛው እንደረዳ አታውቁም፣ ብትብስም እንደዚያው። የነበረውን ጻፉ፤ የትራኩን ሁኔታና የቀኑን ሙቀት ጨምራችሁ። ከአምስት ስድስት ለውጥ በኋላ ከጠፋችሁ ማኑዋሉ ላይ ወዳለው የፋብሪካ ቅንብር ተመለሱና ከዚያ ጀምሩ። አንድ የማይወደድ ነገርም ልበል፦ ዙራችሁ በየጊዜው በሰኮንዶች የሚለያይ ከሆነ ችግሩ ያለው ሾኩ ላይ ሳይሆን ጣታችሁ ላይ ነው። በአንድ ቅንብር ተመሳሳይ ዙር መሮጥ እስክትችሉ ሶስፔንሽን ብትነካኩ ልዩነቱን አትለዩትም።

በአራቱም ጎማ የምትገፋ ባጊ ላላችሁ፣ እስካሁን ያልነው ሁሉ እንዳለ ይሠራል፤ የሚጨመረው የፊት ዲፈረንሻል፣ ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ክፍል፣ ነው። የፊት ጎማዎችም ስለሚጎትቱ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ዘይት መሪውን ይነካል። ወፍራም ሲሆን ስትገቡ መሪው ይቀንሳል፣ ስትወጡ ግን ፊቷ መኪናዋን ጎትቶ ያወጣታል። ኪክ አፑም ከዚህኛው ዓይነት ያንሳል፤ ስለዚህ በኋላ ጎማ ብቻ ከምትገፋ የጓደኛችሁ ባጊ ላይ ቁጥር ገልብጣችሁ አታምጡ።